ጨዋ በሽታ

ልጁ ወደ ኮሌጅ ሊመለስ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ቤተሰቡ ለበሽታው ስም ሊያወጣ ተሰበሰበ።

ቤተሰብ የተባሉት እናቱና አጎቱ ናቸው። እናቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ የምትናገረው መርፌ ከአፏ ስታወጣ ብቻ ነው። አጎቱ ደግሞ ሰው መኪና መንዳት ሲያስተምር ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ነው። ጡረታ ከወጣም በኋላ ወሬ ሲያስደነግጠው ቀኝ እግሩ ወለሉን እንደ ፍሬን ይረግጣል። ልጁም እዚያው ተቀምጧል፤ የጠየቀው ግን የለም።

ባለፈው ዓመት ልጁ የተማሪዎች መኝታ ውስጥ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛና ቀረ። መጀመሪያ ከቁርስ ቀረ፣ ቀጥሎ ከክፍል፣ በመጨረሻ ከፈተና። ኮሌጁ ውጤቱን አይቶ ለአንድ ዓመት አገደው፤ ሐኪሙ ልጁን አይቶ «ድባቴ ነው» አለ። ከሁለቱ ሐኪሙ ተሻለ፤ ቢያንስ መድኃኒት ሰጠ። አሁን ልጁ ይበላል፣ ይተኛል፣ አልፎ አልፎም ይስቃል። ኮሌጁም ከቤቱ እየተመላለሰ እንዲማር መልሶ ተቀብሎታል፤ በአንድ ትምህርት እንኳ ከወደቀ ግን እስከ መጨረሻው ይሰናበታል።

«ሰው ‹ዓመቱን ሙሉ የት ከረመ› ሲል ምን እንላለን?» አለ አጎቱ።

«ታሞ ነበር እንላለና።»

«ምኑን?»

እናቱ መርፌዋን መልሳ አፏ ውስጥ ከተተች።

«ጉበት እንዳንል ጠጪ ነው ይሉታል። ሳንባ እንዳንል ብርጭቆ ይለዩበታል። ልብ እንዳንል ነገ ሴት ልጁን የሚድርለት አይገኝም።»

«እውነቱን ብንናገርስ፣ ወንድም ጋሼ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ?»

«እኛ እኮ መድኃኒቱን አግኝተናል! የቀረን መደበቁ ነው።» ትንሽ አሰበና ጭኑን መታ። «ኩላሊት! ኩላሊት ጨዋ በሽታ ነው፤ ማንንም አያሳፍርም። ደግሞ ሁለት ነው፤ አንዱ ቢያስቸግር አንዱ አለ ይባላል።»

«እኔ ኩላሊቴን አሞኝ አያውቅም» አለ ልጁ።

«አንተ ዝም በል፤ ገና አላገገምክም» አለው አጎቱ።

ወሬው አጥሩን ለመሻገር ጊዜ አልፈጀበትም። ጎረቤቲቱ ደረቷን እየደቃች መጣችና «ውሃ! ውሃ ያብዛ!» ብላ አዘዘች። ልጇ ደግሞ እሱ የሚደግመውን ዓመት የምትማር፣ እዚያው የመሬት ቅየሳ ክፍል ውስጥ ያለች ነበረች። ልጁ ክፍል ሲገባ የተማሪው ሁሉ ዓይን ከፊቱ በፊት ያረፈው ወገቡ ላይ ነው።

የጎረቤቲቱ ልጅ በየቀኑ በትልቅ ጠርሙስ ውሃ ታመጣለታለች። እምቢ ማለት ነውር ስለሆነ ይጠጣል። ስለጠጣ ይወጣል። በወጣ ቁጥር ከኋላ «አየህ? ኩላሊት እኮ ነው» የሚል ሹክሹክታ ይከተለዋል። ብዙም ሳይቆይ ስሙ «ኩላሊቱ» ሆነ።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ላይ አልከፋውም። የእውነት ታሞ በተኛበት ጊዜ «ሰነፍ» ያሉት ሰዎች፣ አሁን ደህና ሆኖ ሲሄድ «አይዞህ» ይሉታል። ሰው እንዲህ ደግ መሆኑን ለማወቅ ለካ ትክክለኛውን አካል መታመም ኖሯል።

ችግሩ የመጣው የመስክ ልምምድ ሲጀመር ነው። ተማሪዎቹ በቡድን በቡድን ሆነው ከኮሌጁ ጀርባ ያለውን ሜዳ ከፍታ ይለካሉ። አንዱ ባለ ሦስት እግሩን መሣሪያ ተክሎ በመነጽሩ ያያል፤ ሌላው ራቅ ብሎ ቁጥር የተጻፈበትን ረጅም ዘንግ ይዞ ይቆማል፤ ሌላው ይጽፋል። መምህሩ ልጁን ሲያይ ድምፁን አለሰለሰ።

«አንተ እንኳ ጥላው ሥር አረፍ በል፤ ወገብህን ፀሐይ አይምታው።»

ልጁ አረፈ። በሚቀጥለውም አረፈ። የሰው ቦርሳ እየጠበቀ፣ ደመና እያየ፣ ቀያሽ የሌለበት አገር በልቡ እየሠራ አረፈ። መምህሩ አንድ ቀን እስኪጠራው ድረስ።

«የመስክ ውጤት ልሰጥህ አልችልም፤ ምንም አልሠራህማ። ግን አታስብ፣ በሚቀጥለው ዓመት ትደግመዋለህ።»

«የሚቀጥለው ዓመት የለኝም፣ ቲቸር። ከወደቅሁ እባረራለሁ።»

«ምን ላድርግ፣ ወንድሜ? ዘንግ አስይዤህ ኩላሊትህ ቢብስ ማን ይጠየቃል?»

ልጁ ወደ ጓደኞቹ ዞረ። ሁሉም በኀዘኔታ እያዩት ነው። ያ ኀዘኔታ እንደሚቀርበት ያውቃል፤ ቢሆንም ያበጠው ይፈንዳ አለ።

«ኩላሊቴ ደህና ነው። ሁለቱም ደህና ናቸው። የታመምኩት አእምሮዬን ነበር፤ ድባቴ ነው። አሁን ተሽሎኛል።»

የጎረቤቲቱ ልጅ እጇ ላይ ያለውን ጠርሙስ አየችው።

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ውሃ ለምን ጠጣህ?»

«ስለሰጠሽኝ።»

አንዱ ሳቀ። ከቡድኑ «ጡሩምባ» የሚሉት ቀውላላ ልጅ፣ ድምፁን መቀነስ የማይችል፣ «እንኳን ደስ አለህ!» ብሎ ጮኸና ደነገጠ። «ይቅርታ፣ ማለቴ... ወገብህ ጤነኛ ነው አይደል? ስንት ቀን ዕቃ ስንሸከም አይተኸን ዝም አልክ! ና ተሸከም!»

መምህሩ ግን መሣሪያውን ቀስ አድርጎ ወደ ራሱ ሳበው። ለታመመ ኩላሊት የነበረው አንጀት ለዳነ ጭንቅላት አልነበረውም።

«መሣሪያው ውድ ነው፤ ለጊዜው ዘንጉን ያዝ» አለው።

ልጁ ዘንጉን ይዞ ሜዳው መሐል ቆመ። መድኃኒቱ እጁን ትንሽ ያንቀጠቅጠዋል። የእጁ መንቀጥቀጥ እንደ ሸምበቆ ረጅም የሆነው ዘንግ ጫፍ ላይ ሲደርስ ጭፈራ ይሆናል።

«ቲቸር!» አለ ጡሩምባ ከመነጽሩ ሳይነሳ። «ዘንጉ ይወዛወዛል!»

መምህሩ ጎንበስ ብሎ አየ። «ወደ ጎን ነው?»

«ወደ ፊትና ወደ ኋላ።»

«ታዲያ ምን ሆንክ? ተወው! ዘንጉ ሲያጋድል ቁጥሩ ይበዛል፤ ቀጥ ሲል ያንሳል። ትንሹን ቁጥር ጻፍ። ስንት ጊዜ አስተማርኳችሁ! ሁላችሁም እንደ ምሰሶ ደርቃችሁ፣ ጠማማ ይሁን ቀጥ ያለ ሳይታወቅ ትቆማላችሁ። የሰማኝ እሱ ብቻ!»

ልጁ አልሰማም ነበር፤ ያን ጊዜ ደመና ላይ ነበር። ሊናገር አሰበና፣ በአንድ ቀን ሁለት እውነት ይበዛል ብሎ ዝም አለ። ማታ ሒሳቡ ሲሠራ የነሱ ቡድን ልኬት ብቻ በትክክል ገጠመ። ከዚያ በኋላ ቡድኖቹ ሁሉ «ኩላሊቱን አውሱን» ይሉ ጀመር፤ ስሙ ከበሽታው ዕድሜ ረዘመ።

ችግር እንዳያልቅ፣ ከመጨረሻው የመስክ ፈተና በፊት ሐኪሙ «በጣም ተሽሎሃል» ብሎ መድኃኒቱን ቀነሰለት። እጁ መንቀጥቀጡን ተወ፤ ዘንጉም እንደ ምሰሶ ደረቀ። ሳያውቀው የቻለውን ነገር አሁን ተምሮ መቻል ነበረበት። ስለዚህ የፈተናው ዋዜማ ረጅሙን የመጥረጊያ እንጨት ይዞ የቤታቸው ግቢ መሐል ቆመና ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ በዝግታ ያወዛውዘው ጀመር።

አጎቱ በሩን ከፍቶ ሲገባ ያየው ይህንን ነው። ቀኝ እግሩ መሬቱን ረገጠ።

«ተመለሰበት! አንቺ፣ ነይ ውጪ! ልጁ ተመለሰበት!»

«ጋሼ፣ ለፈተና እየተለማመድኩ ነው።»

«የምን ፈተና ነው በመጥረጊያ?»

«አስተምረውት ነው» አለች እናቱ ከውስጥ፣ መርፌዋን ከአፏ አውጥታ። «ጠዋት አስረድቶኛል፤ ተወው።»

«ተማረስ፣ ቤት ውስጥ አይማርም? ሰው ምን ይላል?»

«ጣሪያው ያጥራል፣ ጋሼ።»

ሰውም አልቆየም፤ ጎረቤቲቱ በአጥሩ ላይ ብቅ አለች። «ምን እያደረገ ነው?» ብላ ጠየቀች። አጎቱ ጨዋ መልስ ፍለጋ አፉን ከፈተ።

«እሱን ጠይቂው» አለች እናቱ።

ልጁም ነገራት። ስለ ዘንጉ ነገራት፣ ስለ ትልቁና ስለ ትንሹ ቁጥር ነገራት፤ አፉ ከተፈታ አይቀር ብሎ ስለ ድባቴውም አንድ ሳያስቀር ነገራት። ጎረቤቲቱ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰማችው። ከዚያ ወደ እናቱ ዘወር ብላ በለሆሳስ፦

«ውይ፣ የኔ እናት!» አለቻት። «ለካ ኩላሊት ሲቆይ ወደ ጭንቅላትም ይወጣል!»

በማግስቱ ልጁ ፈተናውን አለፈ። አጎቱ ለሰፈሩ ሁሉ ኩላሊቱ ዳነ ብሎ አወራ።