ያለልኩ የተወጠረው ጊታር

ጊታር ጠጋኙን የሰፈሩ ሙዚቀኛ ሁሉ «ጆሮ» ይለዋል። መንገድ ማዶ የተነካ ክር ሰምቶ «ሦስተኛዋ ወርዳለች» የሚል ሰው ነው። ሰው ሲያወራው ግን ቀልቡ ሌላ ዘንድ ነው።

ጡረታ የወጡት መምህርት የሟች ባላቸውን ጊታር ታቅፈው ሱቁ የመጡ ዕለትም እንዲያው ሆነ።

«የሱ ድምፅ ጎርናና ስለነበር ዝቅ አድርጎ ነበር የሚቃኘው። ወፍራም ክር ነው የሚወደው። ክሮቹ ዝገዋል፤ እንደነበረ አድርግልኝ፤ ልጃችን ከሄደበት ሲመጣ ይጫወትበታል።»

እሱ በስልክ ሌላ ደንበኛ እያናገረ «እሺ እትዬ፣ እሺ» አለ። ጆሮው ውስጥ የቀረችው «ወፍራም ክር» የምትለዋ ብቻ ነበረች።

በማግስቱ ካሉት ሁሉ ወፍራሙን ክር አሰረና እንደማንኛውም ጊታር ቃኘው። መቃኛው እጁን ሲታገለው እንኳ አልባነነም። ምሳ በልቶ ሲመለስ፣ ክሮቹ የሚታሰሩበት እንጨት የጊታሩን ደረት ልጦ ተገንጥሏል። ሜትር አውጥቶ የክሩን ርዝመት ለካ። ከተለመደው ሁለት ጣት ይበልጣል። ሴትዮዋ ያሉት ሁሉ ያኔ አንድ በአንድ ትዝ አለው።

ሲመጡ ግን አፉ ቀደመው። «እንጨቱ አርጅቷል እትዬ። ማጣበቂያውም ደርቆ ነበር።»

«ወይ ጉድ! ምድጃ አጠገብ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ» አሉ ሴትዮዋ። «አንተንም በከንቱ አደከምኩህ። ይቅርታ ልጄ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። አልዋጠችውም፤ እሱም ዝም አለ። እዚያው ሱቅ ውስጥ የጊታር ቦርሳ የምትሰፋው ሚስቱ የስፌት መኪናዋን አቆመች።

ሴትዮዋ እንደወጡ «ይቅርታ ሲጠይቁህ ዝም?» አለችው። ከዚያ ወዲያ አላነጋገረችውም። ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

በአራተኛው ቀን የመምህርቷን በር አንኳኳ። ወንበር ቢሰጡትም አልተቀመጠም።

«ዋሽቼዎታለሁ። ጊታሩን የሰበርኩት እኔ ነኝ።»

«እንዴት አድርገህ? አስረዳኝ።»

«ወፍራም ክር ያንኑ ድምፅ እንዲሰጥ ከቀጭኑ አብልጦ መወጠር አለበት። ክሩ ሲረዝም ደግሞ ውጥረቱ ይብሳል። ይሄ ጊታር ረጅም ነው፤ ባለቤትዎ ዝቅ አድርገው ሲቃኙት ነው ልኩን የሚያገኘው። እኔ ከፍ አድርጌ ጎተትኩት።»

«ዝቅ አድርጎ ይቃኘው ነበር ብዬህ አልነበር?»

«ብለውኛል። አልሰማሁም።»

«እኔኮ ለልጄ ደውዬ ‹የአባትህን ጊታር ያበላሸሁት እኔ ነኝ› ብዬዋለሁ። አለቀሰ።»

ይህን አላሰበም። «እኔ ልንገረው?»

«ንገረው። አሁኑኑ፣ እዚሁ ፊቴ።»

የማያውቀው ሰው በስልኩ ወዲያ «ማነው?» ሲለው ሁለቴ ጀምሮ አቋረጠ፤ በሦስተኛው እውነቱን ተናገረ።

«ትጠግነዋለህ» አሉ መምህርቷ ስልኩን ሲቀበሉት። «እኔ ግን አጠገብህ ቁጭ ብዬ ነው።»

ሁለት ሳምንት ከሰዓት ከሰዓት እየመጡ ተቀመጡ። የተላጠውን ሲያጣብቅ፣ ክሩን ሲያስር፣ ዝቅ አድርጎ ሲቃኝ አዩት። አንድ ነገር ባዘዙት ቁጥር «ምን አልኩ?» ይሉታል፤ እሱም እንደ ተማሪ ቃል በቃል ይደግማል። ሚስቱ በሦስተኛው ቀን ሳቋ አመለጣት።

ልጅየው መጥቶ ተጫወተበት አሉ። ጠጋኙ ግን መምህርቷ በሱቁ በር ባለፉ ቁጥር ዛሬም ብድግ ይላል፤ ቀና ብሎ አያያቸውም።