«እሳቸው» የተባለችበት ቀን

ሽማግሌው በቀበሌው ጽሕፈት ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ፍሬኑ እምቢ ያለ የጭነት መኪና በቁጣ ያስቆሙበትን ቀን ለወረፋተኛው ያወራሉ። መንገዱ ቁልቁለት ነው። ከኋላ ሲሚንቶ ተጭኗል፣ ከፊት ገደል አፉን ከፍቷል። ፍሬኑን ቢረግጡት እንደ ባዶ ጆንያ ሟሸሸ። ያኔ አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው ጎማውን «አንተ፣ ማንን የያዝክ መሰለህ?» ቢሉት፣ ጎማው አፍሮ ቆመ።

«ጎማ ያፍራል እንዴ አባባ?» አለች ሕፃን የታቀፈች ሴት።

«የዛሬ ጎማማ ምን ያፍራል። የድሮው አሳዳጊ ነበረው።»

ወረፋተኛው ሳቀ። አጠገባቸው የተቀመጠችው ልብስ ሰፊ ብቻ አልሳቀችም። ታሪኩን ታውቀዋለች፤ አምና ገደሉ ወንዝ ነበር፣ ሲሚንቶውም ጨው። ዛሬ ሳቋን የወሰደው ግን ሌላ ነው። እኒህን ሰው ከቤቷ በሕግ ለማስወጣት ራሷ ይዛቸው መጥታለች።

ቤቷ ሁለት ክፍል ነው። በፊተኛው የስፌት መኪናዋ፣ የደንበኛ ጨርቅና የራሷ አልጋ ተጋፍተው ያድራሉ። የጓሮው የሽማግሌው ነው። ባሏ በሞተ በዓመቱ አንድ ሻንጣና ሁለት ኩንታል ወሬ ይዘው መጡና ተከራዩት፤ ውሉም በአፍ ብቻ ነበር። ጎረቤት «ማናቸው?» ብሎ ሲጠይቅ እሷ አፏን ሳትከፍት እሳቸው ቀደሟት። «አባቷ ነኝ። በሹፍርና ጠፍቼ ነበር፤ ይኸው ተገኘሁ።»

ቀልድ ነበር። ይሁን እንጂ ብቻዋን የቀረችውን ሴት በር እያንኳኳ «ምን ልርዳሽ?» ይል የነበረ ወንድ ሁሉ ከዚያ ቀን ወዲህ መንገዱን ቀየረ። ስለዚህ እሷም አላስተባበለችም። ሐሰትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ ይኼኛው ግን እያደር ሥጋና ደም አበጀ። ልጇ «አያቴ» እያለቻቸው አደገች። እሷም «አባባ» ማለትን ለሰው ጆሮ ብላ ጀመረችው፣ በኋላ ግን ማንም በሌለበት ሲያመልጣት በገዛ ጆሮዋ ሰማችው።

ያች ልጅ የሕንፃ ቀለም ቀቢ ሆና ለብቻዋ ወጣች። ከመወጣጫ ላይ ወድቃ ወገቧ ተሰበረ። ሐኪሞቹ «የእኛ ድርሻ አልቋል፣ ቤቷ ትሂድ» አሉ። ወደ ቤት የምትመለሰው በተሽከርካሪ ወንበር ነው፤ የፊተኛው ክፍል ደግሞ ደረጃ አለው። ወንበሩን የሚያስገባ የጓሮው በር ብቻ ነው። ሽማግሌውን ወደ ፊት ብታመጣቸውስ? እናት በሜትሯ ለካችው። በቁም ለካችው፣ በአግድም ለካችው። አልጋቸው የሚገባው የስፌት መኪናው ከወጣ ብቻ ነው፤ መኪናው ከወጣ ደግሞ የሚበላ የለም።

ደጋግማ ነግራቸዋለች። እሳቸው ግን ነገሩን ወደ ጨዋታ እየገለበጡ አመለጧት። «እኔስ እለቅ ነበር፤ ቤቱ ነው እኔን የማይለቀኝ። ስተኛ እግሬን ይይዘኛል።» እሷም ሳቀች፣ ስቃም ወደ መኪናዋ ተመለሰችና ያልተቀደደ ልብስ ስትጠግን ዋለች።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ትናንት ብቻዋን ወደዚህ መጣች።

«ሕጉ ይፈቅዳል እትዬ» አላት ጸሐፊው። «ቤቱ ለራስሽ ወይ ለልጅሽ መኖሪያ ካስፈለገ ውሉን ማቋረጥ ትችያለሽ። ማስጠንቀቂያው ግን በጽሑፍ ሆኖ በእጃቸው መድረስ አለበት። ከዚያ ሁለት ወር ትጠብቂያለሽ። እስከዚያ ቁልፍ መቀየር፣ ውኃ መዝጋት፣ ዕቃ ደጅ ማውጣት የለም። ቀኑ ደርሶ እምቢ ቢሉ እንኳ የሚያስወጣቸው ፍርድ ቤት ነው እንጂ አንቺ አይደለሽም።» ብዕሩን አነሣ። «ተከራዩ ማን ናቸው?»

ነገረችው። ብዕሩን መልሶ አስቀመጠ። እዚያው ሰፈር ተወልዶ ያደገ ነው።

«አባትሽን?»

«አባቴ አይደሉም።»

«እኔ አባትሽ መሆናቸውን ነው የማውቀው። አባቱን ተከራይ ነው ብሎ ሊያባርር የሚመጣ ሰው ስንቱን አይቻለሁ መሰለሽ። ራሳቸው ይምጡና ተከራይ ነኝ ይበሉኝ።»

ዛሬ ጠዋት ሁሉንም ነገረቻቸው። ዓይናቸውን እንዳታይ መርፌ ላይ ክር ለማስገባት ስትታገል ነበር፤ ክሩም አልገባ አላት። እሳቸው ያን ጊዜ ብቻ አልቀለዱም። ፊታቸውን ታጠቡ፤ ኮሌታውን ገልብጣ የሰፋችላቸውን ኮት ለበሱ። «ወረፋ ሳይበዛ እንውጣ» አሉ። አግዳሚው ላይ ሲደርሱና ሰው ሲያዩ ግን ምላሳቸው ተመልሳ መጣች።

ተጠሩ።

ጸሐፊው ብድግ ብሎ ወንበር ሳበላቸው። ልብስ ሰፊዋ እጇን በእጇ ጨምቃ ከበሩ አጠገብ ቆመች። «ልጄ ናት» ካሉ ክፍሉ የለም፤ ልጇም ለሌላ በሽተኛ ከሚፈለገው አልጋ ወርዳ የሆስፒታል ኮሪደር ላይ ትቀራለች። «ልጄ አይደለችም» ቢሉስ? ይህንኛውን ልታስበው ሞከረች፤ ሐሳቧ አልሄድ አላት። ከሁለቱ የትኛውን አብልጣ እንደምትፈራ አላወቀችም።

«አባባ» አለ ጸሐፊው፣ «ይቺ ልጅዎ አይደለችም ወይ?»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ።

«እሷ…» አሉና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እሳቸው አከራዬ ናቸው።»

ምላሳችን ጉደኛ ነው፤ ሰውን በስድብ ብቻ ሳይሆን በአክብሮትም ያርቃል። ልብስ ሰፊዋ «እሳቸው» ማን እንደሆነች ለመረዳት ጥቂት ጊዜ ፈጀባት። ዘወር ብላ ወደ በሩ አየች፤ ከኋላዋ ማንም አልቆመም።

«አባባ፣ ቀልድ እንዳይሆን» አለ ጸሐፊው።

«ቀልዱማ ያኛው ነበር።»

«ምንም ዝምድና የላችሁም?»

«የለንም። እሳቸው ቤት አላቸው፣ እኔ እከራያለሁ። ልጃቸው ታማባቸዋለች፤ ቤቱ ያስፈልጋቸዋል። እውነት ነው።»

ጸሐፊው ሌላ አልጠየቀም። ማስጠንቀቂያውን አዘጋጅቶ፣ በገዛ እጇ እንድትሰጣቸው ወደ እሷ ገፋው። ሰጠቻቸው። በሁለት እጃቸው ተቀበሏት፤ ስጦታ እንደሚቀበል ሰው ጎንበስ ብለው። ፈረሙ።

በመንገድ ላይ ጎን ለጎን ሄዱ። መኪና በሚበዛበት መሻገሪያ ላይ ሁልጊዜ ክንዷን ይዘው ያሻግሯት ነበር፤ ዛሬ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ጠበቁ። የት እንደሚሄዱ ልትጠይቃቸው ፈለገች። «የትም» እንዳይሏት ፈራች።

«አባባ፣ እኔ እኮ…»

«ገብቶኛል፣ እትዬ።»

ከዚያ በኋላ ሽማግሌው እስከ ቤት ድረስ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ቀርተው ተከተሏት።

በሩ ላይ ሲደርሱ ቁልፏን አወጣች። እሳቸው ወደ ጎን ፈቀቅ አሉ።

«ይቅደሙ።»

«ኧረ በፈጠረዎ፣ አንቺ በሉኝ።»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን በጣታቸው አዞሩት። «አንቺ ካልኩ መልቀቅ ያቅተኛል» አሉ። «ሁለት ወር ደግሞ ለመለማመድ አጭር ነው።»

በሩን ከፈተችው። ውስጡ ቀዝቃዛ ነበር። እሷም እሳቸውም ቀድመው አልገቡም።