በገዛ መኪናዬ ረዳት

አሥራ ዘጠኝ ዓመት መሪዋን ለማንም ያላስነካሁባትን የጭነት መኪና ዛሬ ከረዳት ወንበር ሆኜ አየኋት። ማየት ከተባለ። ሐኪሙ ግራ ዓይኔ ጨርሶ እንደሄደ፣ ቀኙም እየተከተለው እንደሆነ ነግሮኝ ሲያበቃ «ከእንግዲህ መንዳት የለም» አለና የሚቀጥለውን በሽተኛ ጠራ። እሱን ብሎ ሐኪም! የሰው ሕይወት ዘግቶ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።

መሪውን የያዘችው ልጄ ናት። ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ አውጥታ አራት ዓመት በሰው መኪና ሠርታለች። መኪናዬን እሷ ትፈልጋታለች። ሰላሳ መኪና ያለው አንድ ድርጅትም ይፈልጋታል፤ ጭነቱን የምናራግፍበት ግቢ ድረስ ሰው ልኮ እየጠበቀኝ ነው። ለድርጅቱ ልሸጣት ቆርጫለሁ። ምክንያቱን ብትጠይቁኝ ቅናት ነው፤ እኔ ካልነዳኋት ልጄም አትነዳትም። «አንድ ጊዜ ልንዳትና ከዚያ ወስን» ብላ ስለለመነችኝ ብቻ ነው የመጣሁት።

ጠቡን የጀመርነው ገና ከቤት ሳንነሳ ነው። ከጎማው ሥር ያለውን ታኮ አውጣልኝ አለች። ታኮ ማውጣትና ማስገባት የረዳት ሥራ ነው።

«እኔ ረዳትሽ ነኝ?»

«የተቀመጥከው በማን ወንበር ነው?»

እምቢ አልኩ። ራሷ ወርዳ አወጣችው፤ ተመልሳ በሩን ስትዘጋው ጋቢናው ተንቀጠቀጠ። ቁጣው የእኔው ነው፤ ከሌላ ከየት ታመጣዋለች።

ሰው ይወቅልኝ፣ ይህችን መኪና ማንም አልሰጠኝም። ስድስት ዓመት ለሰው ነድቼ ነው የገዛኋት። የዚያ ድርጅት ሹፌሮች የት እንደሚያድሩና መቼ እንደሚበሉ በስልክ ይታዘዛሉ፤ ለሽንት ሲቆሙ እንኳ ለምን ቆምክ ይባላሉ። የሰው ወርቅ አያደምቅም። እኔን ግን ሂድ ያለኝ፣ ቁም ያለኝ የለም። የሰደበኝን ነጋዴ ዕቃ መንገድ ላይ አልጥልም፤ አድርሼለት ግን ሁለተኛ አልጭንለትም። ጋቢና ውስጥ አዛዥ አንድ ነው እላለሁ፤ እሷም ይህን ስሰማ ነው ያደገችው።

ሹፌሮች «አንድ ሊትር» ይሉኛል። ከፊታችን ያለውን ሃያ ኪሎ ሜትር ቁልቁለት ማርሽ አውጥቼ፣ መኪናዋን በክብደቷ ብቻ እያንደረደርኩ፣ አንድ ሊትር ናፍጣ ሳልጨርስ ስለምወርደው ነው። በዚህ ስም አፌን ሞልቼ ኮርቻለሁ።

ልጄ አናቱ ላይ ስትደርስ ቆማ ሦስተኛ ማርሽ አስገባች። ሞተሩ ይጮሃል፣ እኛ እንሳባለን። ከኋላችን የተሰለፈው መኪና ሁሉ ክላክስ ይነፋብናል። በእኔ መኪና ላይ!

«ናፍጣውን ጨረስሽው! ማርሹን አውጪው!»

«አላወጣም። ሞተሩ ይያዛት፤ ፍሬኑ አይጋል።»

«ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች!»

«አባዬ፣ ጋቢና ውስጥ አዛዥ አንድ ነው።»

በገዛ ቃሌ! ቆሽቴ አረረ። እጄን ወደ ማርሹ ዘንግ ሰደድኩ። እጄን መታችኝ፤ እሳት ሊነካ እንዳለ ሕፃን፣ ጧ አድርጋ መታችኝ።

«አባትሽን መታሽ?»

«ልትገለን ነበራ!» ብላ ጮኸች። ዓይኗን ከመንገዱ አልነቀለችም። «እዚያች ኩርባ ጋ፣ ፍሬን እምቢ ያለህ ቀን።»

ይህን ታሪክ የማያውቅ ሹፌር የለም። ፍሬኑ ግሎ እምቢ ሲለኝ መሪውን ከገደሉ ወደ ተራራው ጠምዝዤ፣ መኪናዋን በጎኗ እያስታከክሁ እንዳቆምኳት በየሻይ ቤቱ ተርኬዋለሁ። ስጨርስ ትከሻዬን የማይመታኝ የለም።

«በታሪክህ ውስጥ እኔ የት ነኝ?» አለች።

«ምን?»

«ስንት ጊዜ ስትተርከው ሰማሁ፤ አንድም ቀን የለሁበትም። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ አሁን አንተ ያለህበት ወንበር ላይ ነበርኩ። ቀሚሴ ላይ ሸናሁ አባዬ። አንተ ዘለህ ወርደህ የመኪናዋን ጎን ነው ያየኸው። ‹ቀለሟ ተላጠ› ነው ያልከው።»

ውሸቷን ቢሆን ኖሮ በጮኽኩባት። ወንበሩ እርጥብ እንደነበር ትዝ አለኝ። ውሃ የፈሰሰ መስሎኝ በጨርቅ ጠርጌው፣ መኪናዋን ለማስቀባት ሄድኩ። አሁን የተናደድኩት በራሴ ላይ ነው።

የቀረውን መንገድ በዚያው በሦስተኛ ማርሽ ወረድነው። በየኩርባው ቀኝ እግሬ ሳላዘው ወለሉን ይረግጣል። በዚህ በኩል ፍሬን የለም። ያን ቀን እሷም ይህንኑ ወለል ረግጣ ይሆናል።

ታች ስንደርስ ዳር ይዛ ቆመች። «ውረድና የጎማውን ቸርኬ ንካው» አለችኝ። ነካሁት፤ ለብ ከማለት አላለፈም። እኔ ስወርድ እዚህ ቦታ ላይ ፍሬኑ ይሸት ነበር። የሥራ ሽታ ነው እያልኩ ስኮራበት ኖሬያለሁ፤ ጅል!

ከሰዓት በኋላ ግቢው ስንገባ የድርጅቱ ሰው ጫማውን ከአቧራ እየጠበቀ መጣና የሹፌሩን በር ከፈተ። «ጋሽ አንድ ሊትር፣ እንኳን በሰላም—» ልጄን ሲያይ ቃሉን ዋጠው። «አንቺ ማነሽ? ባለቤቱ የት አሉ?»

ልጄ ወደ እኔ ዞረች፤ ሁለት እጇ ግን መሪውን አልለቀቀም።

ጥርሴን ነክሼ «የመኪናዋን ባለቤት እያናገርክ ነው» አልኩት። «እኔንም ሁለተኛ አንድ ሊትር እንዳትለኝ።»

«እንዴ? ታዲያ እርስዎ ምኗ ነዎት?»

አፌን ሳልከፍት ልጄ ቀደመችኝ። ዓይኗ እንባ ሞልቷል፤ ድምጿ ግን የአዛዥ ነው።

«አባዬ፣ ታኮ!»

እሷንም፣ ሰውዬውንም፣ ሐኪሙንም እየተራገምኩ ወረድኩ። ታኮውን ከኋላ ጎማ ሥር አስገብቼ፣ እንዳይንሸራተት ሁለት ጊዜ በእግሬ መታሁት።