ያለፈቃድ የተነጠፉ ፍራሾች

ዘይና በዕድሜዋ ከመንግሥት ቢሮ የተጻፈላት ወረቀት ሦስት ብቻ ነበር፤ የቤቷ ካርታ፣ የመብራት ቆጣሪዋ ውልና የባሏ የኑርሁሴን የሞት ምስክር ወረቀት። አራተኛው በእጇ እንኳ አልደረሰም። አንድ ሰኞ ጠዋት ከገበያ ስትመለስ የቆርቆሮ በሯ ላይ ተለጥፎ፣ መንገደኛው ሁሉ አንብቦ ከጨረሰ በኋላ አገኘችው። «ያለ ንግድ ፈቃድ የአልጋ አገልግሎት ሲሰጥ በመገኘቱ» ይላል። አምስት ሺህ ብር ቅጣት፤ በአሥር ቀን ውስጥ ካልታረመ ደግሞ ግቢው በሙሉ ይታሸጋል። ከታች ማኅተም አለው፤ ማኅተሙም ተጣሞ ነው ያረፈው።

«የቱን አልጋ ነው የሚሉት?» አለች የሽንኩርት ዘንቢሏን መሬት ላይ ጥላ። «ለራሴስ ቢሆን ያለኝ አንድ አይደል እንዴ!»

እውነቷን ነው። በዚያ ግቢ ውስጥ አልጋ የሚባል ነገር ከአንድ አይበልጥም። ፍራሽ ግን አለ። ፍራሽስ ሞልቷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘይና ከሚሴ ውስጥ፣ ከሆስፒታሉ ጀርባ ባለው ሰፈር፣ ከዋናው ቤቷ ሌላ አምስት ሰርቪስ ክፍሎች አሏት። አራቱን ታከራያለች፤ ኑርሁሴን ከሞተ ወዲህ የምትበላውም የምትለብሰውም ከዚያ ነው። አምስተኛውን አታከራየውም። እዚያ ውስጥ ሰባት ፍራሽ ተደርድሯል፤ የሚተኙበትም ከጨፋ፣ ከአርጡማ፣ ከባቲ ወገን በሽተኛ ይዘው የመጡ ሰዎች ናቸው። በሽተኛውስ ሆስፒታል ይተኛል፤ አስታማሚው የት ይተኛል? ይህን ዘይና ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ኑርሁሴን ደሴ ታሞ ተኝቶ ሳለ፣ እሷ አሥራ ዘጠኝ ቀን ደረጃ ሥር ካርቶን አንጥፋ አድራለች። በዚያ ሁሉ ቀን፣ በዚያ ሁሉ ቤት መካከል፣ ነይ ግቢ ያላት አንድም ሰው አልነበረም። ቅያሜው እስከ ዛሬ አልወጣላትም፤ በማን ላይ እንደሆነ ግን ራሷም አታውቀውም። ብቻ ኑርሁሴንን ቀብራ አርባው ሳይወጣ ነው አምስተኛውን ክፍል የከፈተችው።

ወረቀቱን የለጠፈው ቶፊቅ የሚባል የማዘጋጃ ቤቱ ደንብ አስከባሪ ነው። ቶፊቅ ክፉ ልጅ አይደለም፤ እዚያው ከሚሴ ተወልዶ ያደገ፣ ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ የሚከት፣ የተሰጠውን ሥራ ጥርሱን ነክሶ የሚይዝ ልጅ ነው። ችግሩ እዚያው ላይ ነው። ፈቃድ የሌላቸውን ቤርጎዎች እንዲይዝ ታዝዞ በአንድ ወር ስምንት ይዟል፤ ስምንት ከያዘ በኋላ ደግሞ በር ገፍቶ የወጣ ሰው ሁሉ ሒሳብ ከፍሎ የወጣ እየመሰለው ተቸግሯል። የዘይናን ግቢ ከአንድ ባጃጅ ውስጥ ቁጭ ብሎ ሦስት ጠዋት ጠብቆታል። ሦስት ጠዋት! ገብቶ አንድ ጊዜ ቢጠይቅ፣ ዘይና ቂጣና ሻይ አቅርባ ሁሉን ትነግረው ነበር።

ቅሬታዋን ልታስገባ በሄደች ጊዜ ቶፊቅ በጨዋ ደንብ አነጋገራት። «እትዬ ዘይና፣ እኔ እርስዎን መጉዳት አልፈልግም። ከእንግዲህ ሰው አላሳድርም ብለው ይፈርሙልኝ፤ ቅጣቱን አስነሳልዎታለሁ። ከቅሬታ ሰሚው ኮሚቴ ፊት ቆመው ከተረቱ ግን ማሸጉ አይቀርም።»

ደሴ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ውስጥ የሚሠራው ልጇ ኢርፋንም በስልክ ያንኑ ደገመላት። «እማ፣ ፈርሚና ተገላገይ። አንቺ የሀገሩ ሁሉ እናት ነሽ እንዴ? ግቢው ከታሸገ እኮ አራቱ ተከራዮችም ይወጣሉ። ምን ልትበዪ ነው?»

ምን ልትበላ እንደሆነ እሷም አታውቅም። በዚያ ሳምንት ዘይና ሁለት ጊዜ ልትፈርም ከቤት ወጥታ ሁለት ጊዜ ከበር ተመልሳለች። የመለሰቻት ፊርደውስ ናት። ፊርደውስ የጨፋ ገበሬ ሚስት ስትሆን፣ የአራት ዓመት ልጇ ሳንባዋን ታማ ሆስፒታል ከገባች አሥራ ሦስት ቀኗ ነው። ምንም ብላ አልመለሰቻትም፤ እንዲያውም ስለ ወረቀቱ አንድ ቃል አልተናገረችም። ዘይና በሩ ላይ በደረሰች ቁጥር እሷ ከሆስፒታል እየተመለሰች ትገጥማታለች፣ ዘይናም «ዛሬስ እንዴት አደረች?» ብላ ትጠይቃታለች፤ ከጠየቀቻት በኋላ ሄዶ መፈረም ይከብዳታል። ይኸው ነው።

ቀኑ ደረሰ። ኮሚቴው የተሰየመው በማዘጋጃ ቤቱ አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ሰብሳቢው አቶ ዓብዱልመጂድ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መነጽራቸውን ይፈልጋሉ። ከጎናቸው ቃለ ጉባኤ የምትይዝ ልጅ አለች። ከወዲያ ማዶ የነዋሪው ተወካይ ሐጂ ሙሐመድዘይን ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ያንከባልላሉ፤ የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ናቸው፣ የተኙም የነቁም ይመስላሉ። ዘይና እሳቸውን ስታይ ተስፋዋ ትንሽ ቀነሰ። እኚህማ ስሜንም አይሰሙም አለች በሆዷ።

ቶፊቅ ተነሥቶ ከጎረቤት የሰበሰበውን አነበበ። ሰባት ፍራሽ፣ ዘጠኝ ብርድ ልብስ፣ በየሳምንቱ የሚለዋወጥ ፀጉረ ልውጥ ሰው። «ክፍያ ስለመቀበላቸውም ይኸው ማስረጃዬ» አለና አንድ የታተመ ፎቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

ፎቶው ላይ አንድ ሽማግሌ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ከዘራቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተው ቆመዋል። ከፊታቸው ዘይና ሁለት መዳፏን ገጥማ ዘርግታለች፤ የሽማግሌው ቀኝ እጅ ደግሞ ከመዳፏ በላይ ነው። ለማያውቅ ሰው ነገሩ ያለቀለት ነው፤ ሰጪ አለ፣ ተቀባይ አለ።

«ይኼማ ዱዓ ነው!» አለች ዘይና ከወንበሯ ብድግ ብላ። «ጀይሉ ናቸው፣ የአርጡማው! የልጅ ልጃቸው ድኖ የሄዱ ቀን ነው። በኦሮምኛ ‹ረቢ ኡምሪ ሲፍ ሃ ኬኑ› ብለው፣ በአማርኛም ዕድሜ ይስጥሽ ብለው፣ መዳፌ ላይ ቱፍ ቱፍ ብለው መረቁኝ። ብር የቱ ጋ ነው ያለው?»

«እትዬ፣ የያዝናቸው ሁሉ የሚሉት አያጡም» አለ ቶፊቅ። «አንዱ ዘመዴ ነው ይላል። አንዷ ብድሬን መለሰልኝ ትላለች። ሽማግሌው ራሳቸው መጥተው ይመስክሩ።»

ጀይሉ ያሉት አርጡማ ተራራ ሥር ነው፤ ስልክም የላቸውም። አቶ ዓብዱልመጂድም ፎቶውን እያገላበጡ ራሳቸውን ነቀነቁ። በዚህ መሐል ሐጂ ሙሐመድዘይን መቁጠሪያቸውን አቆሙ።

«ልጄ፣ ያነሣኸው ይቺን ብቻ ነው?»

«ሦስት ነበሩ ሐጂ። አንደኛዋ ደብዝዛለች። ሦስተኛዋ ምንም አታሳይም፤ ለዚህ ነው ያላሳተምኳት።»

«ምንም የማታሳየውን እስቲ አሳየኝ።»

ቶፊቅ ስልኩን ከፍቶ ሰጣቸው። ሐጂ ክንዳቸውን ዘርግተው ስልኩን ከዓይናቸው አራቁት፣ ደግሞ አቀረቡት፣ ደግሞ አራቁት። ከዚያ ወደ ሰብሳቢው ገፉት። ዘይናም አንገቷን አስግጋ አየችው። ሦስተኛው ፎቶ ላይ ራሷ ናት፤ ዓይኗን ጨፍና፣ በሁለት መዳፏ ፊቷን ከግንባሯ እስከ አገጯ እያበሰች።

«ቶፊቅ» አሉ ሐጂ ቀስ ብለው፣ «አንተ ደሞዝህን ስትቀበል ፊትህን ታብስበታለህ?»

ቃለ ጉባኤ ያዥዋ ልጅ ሳቋን ልትውጠው ሞክራ አልሆነላትም። አቶ ዓብዱልመጂድ መነጽራቸው ከግንባራቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ እግረ መንገዳቸውንም አገኙት። ቶፊቅ ፊቱ እስከ ጆሮው ቀላ። ስልኩን ተቀብሎ፣ ያቺን ምንም አታሳይም ያላትን ፎቶ ረጅም ጊዜ አያት።

«አሚን ስትል ነው» አለ በመጨረሻ።

«አሚን ስትል ነው!» አሉ ሐጂ። «አባትህ ስንት ጊዜ እፊትህ እንደዚህ ብሏል! የከሚሴ ልጅ ሆነህ ይኼ ይጠፋሃል?»

ዘይና ትንፋሿ ተመለሰላት። አለቀ፣ አልሐምዱሊላህ አለቀ ብላ ነጠላዋን መሰብሰብ ጀመረች። አቶ ዓብዱልመጂድም ወደ ልጅቷ ዞረው «እንግዲህ ጻፊ» አሉ። «ለቃለ ጉባኤው ያህል ነው፤ ወይዘሮ ዘይና፣ እዚያ ክፍል ካደረ ሰው አንድም ቀን ብር ተቀብለው አያውቁም። አይደል?»

ለቃለ ጉባኤው ያህል ነው። ራሷን ብትነቀንቅ በቂ ነበር። ዘይና ልትነቀንቅም አንገቷን አንሥታ ነበር፤ ግን አንገቷ አልታዘዛትም።

«አንድ ጊዜ» አለች።

የልጅቷ እስክሪብቶ ቆመ። ሐጂ ሙሐመድዘይን ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ አንቺ ሴት ምን ነካሽ የሚሉ ይመስላሉ። ዘይናም ምን እንደነካት አታውቅም። ግን ከጀመረች ወዲያ ማቆም አይሆንላትም።

«ወላሂ አንድ ጊዜ ነው። ሀዲጃ የምትባል፣ ከባቲ ማዶ የመጣች ሴት ናት። ባሏን ይዛ ሃያ ሁለት ቀን ከኔ ዘንድ ቆየች። ስትሄድ ትራሷ ሥር ሦስት መቶ ብር አኑራ ሄደች። መናኸሪያ ድረስ ሮጥኩ፤ መኪናው ወጥቷል። ሁለት መቶ ጨምሬ ብርድ ልብስ ገዛሁበት፤ እዚያው ክፍል አለ፣ ሰው ይለብሰዋል። ተቀበልሽ ካላችሁኝ ተቀብያለሁ። ውሸት ግን አትጻፊብኝ፣ ልጄ።»

ዘይና አራቱን ተከራዮቿን አሰበች፤ ኢርፋንን አሰበች፤ እማ ምን አፍሽን ከፈተው እያለ ሲጮህባት ታያት። አቶ ዓብዱልመጂድ መዝገቡንና እሷን እያፈራረቁ ያያሉ። ደንቡ እኮ ክፍያ ነው የሚለው፤ አንድ ጊዜና ሁለት ጊዜ ብሎ አይለይም።

ቀድሞ የተናገረው ቶፊቅ ነው።

«አቶ ዓብዱልመጂድ፣ ይኼ ሦስት መቶ ብር በእኔ ማስረጃ ውስጥ የለም» አለ። ድምፁ እንደ ቅድሙ አልነበረም። «ሦስት ቀን ጠብቄ አላገኘሁትም፤ ሰባት ጎረቤት ጠይቄ የነገረኝ የለም። እሷ ባትናገር እስከ ዕለተ ቂያማ ማንም አያውቀውም። ስምንት ቤት ይዣለሁ፤ እንዲህ ያለ ባለቤርጎ ገጥሞኝ አያውቅም። እኔ ክሴን አንሥቻለሁ።»

«በሦስት መቶ ብር ሃያ ሁለት ቀን አሳዳሪ ከተገኘማ እኔም ቤቴን ለቅቄ እገባለሁ» አሉ አቶ ዓብዱልመጂድ፣ ብዕራቸውንም አነሡ። ቅጣቱ ተሰረዘ። ማሸጉ ቀረ። ለጸጥታ ሲባል ያደረውን ሰው ስም በየሳምንቱ ለቀበሌ እንድታስመዘግብ፣ ለክፍሉም ተጨማሪ መስኮት እንድታወጣ ተጻፈ። ስትፈርም የስሟን የመጨረሻ ፊደል ከመስመሩ አስወጣችው።

ውጭ ስትወጣ አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። ደስ ብሏታል፣ በጣም ደስ ብሏታል፤ ግን ደስታው ገና እግሯ ጋ አልደረሰም። ኢርፋንን ደውላ «አልፈረምኩም፣ ማለቴ ፈርሜያለሁ፣ ግን ሌላ ነው የፈረምኩት» አለችው፤ እሱም ምንም ሳይገባው «አልሐምዱሊላህ» አለ። ባጃጅ ያዘች። መንገዱን ሙሉ፣ ገብታ ለእንግዶቿ እንዴት እንደምትነግራቸው ስታስብ ሄደች።

በሩን ስትገፋ ግቢው ተጠርጓል። ሰባቱም ፍራሽ ተጠቅልለው፣ በገመድ ታስረው ግድግዳውን ተደግፈዋል። ብርድ ልብሶቹ ተጣጥፈው ተደራርበዋል። ሰባቱ እንግዶች ጥላው ሥር፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ጥቅልል ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ፊርደውስ ተነሣች።

«እማ ዘይና፣ ደኅና ሁኚ ሳንልሽ መሄድ ነውር ሆኖብን ነው የጠበቅንሽ» አለች። «በሩ ላይ ያለውን አንብበውልናል። በኛ የተነሣ ቤትሽ ከሚታሸግ ብለን ተመካክረናል። የሆስፒታሉ በረንዳ አይጠበንም።»

ደሴ፣ ያ ደረጃ፣ ያ ካርቶን፣ ሁሉም በአንዴ ዘይና ላይ መጣባትና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ስትናገርም ድምፅዋ የቁጣ ነበር።

«ማን ነው ውጡ ያላችሁ? እኔ ብያለሁ? ፊርደውስ፣ አንቺ ነሽ ይኼን ገመድ እንዲህ ቋጥረሽ ያሰርሽው? ማን ሊፈታው ነው አሁን?»

ፊርደውስ መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ ከዚያ ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን ተንበርክከው የገመዱን ቋጠሮ በጥርስና በጥፍር መፍታት ያዙ። ገና ቀትር አልሆነም፤ ለመኝታ የሚያስብ ሰው አልነበረም። ሰባቱም ፍራሽ ግን አንድ በአንድ ወደ ውስጥ እየገቡ ተነጠፉ።