ሦስት ጊዜ እምቢ ማለት

በሕንዷ ሉክኖው ከተማ ያደገ ሰው የቀረበለትን ነገር ወዲያው አይቀበልም። ሻይም ይሁን ወንበር፣ መጀመሪያ «ኧረ አይገባም» ይላል፤ አቅራቢው ይለምናል፤ እንግዳው እንደገና እምቢ ይላል፤ በሦስተኛው ልመና «እንግዲህ ካሉ» ብሎ ይወስዳል። የኑዝሃት አባት ሚርዛ ሳሂብ በዚህ ነገር ቀልድ አያውቁም። እንግዳ ፊት ድመት እንኳ «እባክዎ ከወንበሩ ይነሱልን» ብለው የሚያባርሩ ሰው ናቸው። ኑዝሃት ለማስተርስ ወደ ሆላንድ ስትመጣ ይህን ሁሉ ጨዋነት ሳታጎድል ይዛው መጣች።

አሁን ግን ጭንቅ ላይ ናት። ለተመራቂዎች የሚሰጠው የአንድ ዓመት የሥራ መፈለጊያ ፈቃድ በሚቀጥለው ወር ያልቃል። እስከዚያ ድረስ ውል ፈርሞ ለኢሚግሬሽን የሚያመለክትላት ቀጣሪ ካላገኘች ሻንጣዋን መሸከፍ ነው። ካገኘች ደግሞ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቋሚ ነዋሪ የመሆን ተስፋ አላት። በጊዜያዊነት የምትሠራበትን የቲማቲም ግሪንሃውስ ትወደዋለች፤ የአፈሩን እርጥበት የሚለኩትን መሣሪያዎች አንድ በአንድ የተከለቻቸው እሷ ናት።

አንድ ጠዋት አለቃዋ ማራይከ ዳቦና አይብ እያላመጠች መጣች። «በስሜ ጥሪኝ» ብትላትም ኑዝሃት አንቱታውን አልተወችም።

«ኑዝሃት፣ ልናስቀርሽ እንፈልጋለን። ወረቀቱን እኔ እጨርሳለሁ። ይስማማሻል?»

የኑዝሃት ልብ በደስታ ዘለለ። አፏ ግን የአባቷ ነበር።

«ኧረ በፍጹም! ለእኔ ብለው እንዴት ይቸገራሉ?»

«እሺ» አለች ማራይከ። ዳቦዋን ዋጥ አድርጋ ብስክሌቷ ላይ ወጣችና ሄደች።

ኑዝሃት ሁለተኛውን ልመና መጠበቅ ጀመረች። ምሳ ሰዓት አለፈ። ማራይከ በአጠገቧ ስታልፍ ስለ ዝናቡ ብቻ አወራቻት። ቤት ስትደርስ አብራት የምትኖረው የፑንጃቧ ልጅ ሃርሊን ፓራታ ለሚሉት ቂጣ ሊጥ ትዳምጣለች። ኑዝሃት የሆነውን ነገረቻት።

«እምቢ አልሽ?» ሃርሊን መዳመጫውን ይዛ ደርቃ ቀረች።

«እምቢ አላልኩም! በክብር መለስኩላት እንጂ። ነገ ደግማ ትጠይቀኛለች።»

«አንቺ ልጅ ጤና የለሽም! እዚህ አገር ደጋግሞ የሚጠይቅ ሰው ባቡር ላይ ያለው ትኬት ተቆጣጣሪ ብቻ ነው። እኛ ፑንጃቦች ሳይሰጡን እንወስዳለን፣ እናንተ ሉክኖዎች ሲሰጧችሁ ትሸሻላችሁ። ነገ ሄደሽ ‹እፈልጋለሁ› በያት!»

«በአፌ?»

«በምንሽ ልትያት ኖሯል ታዲያ?»

በማግስቱ ግሪንሃውሱ ውስጥ ወሬ ሰማች። ለቦታው ሌላ ሰው ከሰዓት በኋላ ሊያነጋግሩ ጠርተዋል። ወደ ማራይከ ሮጠች፤ አጠገቧ ስትደርስ ግን ወደ ቲማቲሙ ዞረች።

«የዘንድሮ ቲማቲም እንዴት ያምራል» አለች።

«አዎ፣ ያምራል።»

«ሰው… ከለመደው ቦታ ሲለይ ይከብደዋል።»

«ማን ሊለይ ነው?» ማራይከ የምሯን ግራ ገባት።

ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል የሚባለው ይሄኔ ነው። ኑዝሃት ዓይኗን ጨፈነች።

«ሥራውን እፈልጋለሁ! በጣም እፈልጋለሁ! እዚህ መኖር እፈልጋለሁ!»

ቲማቲም የሚለቅሙት ሁሉ ዞረው አዩዋት። ፊቷ ከሚለቅሙት ቲማቲም አይለይም ነበር።

«ታዲያ ትናንት ለምን እምቢ አልሽ?»

«እኛ ጋ መጀመሪያ እምቢ ማለት ደንብ ነው። እርስዎ ሦስት ጊዜ መለመን ነበረብዎት።»

ማራይከ ጓንቷን አወለቀች። «እኔኮ ከፍቶኝ ነው ያደርኩት! ባሌን ‹ይቺ ልጅ ምን አጎደልንባት?› እያልኩ ሳደርቀው አመሸሁ።» ከዚያ ሳቋ መጣ፤ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ ኑዝሃትም አብራት ሳቀች። «በይ ነይ ቢሮ፣ ሐሳብሽን ሳትቀይሪ እንፈርም።»

ከሰዓት ለሚመጣው ሰው ማራይከ እዚያው ደወለች። «ይቅርታ፣ ቦታው ተይዟል» አለችው። ሰውዬው «እሺ» ብሎ ስልኩን ዘጋ። የዚህ አገር ሰው ነገር ኑዝሃትን እንደ አዲስ ገረማት።

የቀረው ለአባቷ ደውሎ መንገር ነበር፤ ከማራይከ ይልቅ እሳቸውን ፈራቻቸው።

«አባዬ፣ ሥራውን አገኘሁ። ግን… በአፌ ጠይቄ ነው።»

«ስንት ጊዜ እምቢ ካልሽ በኋላ?»

«አንዴ ብቻ።»

ኑዝሃት ተግሣጹን ጠበቀች። ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ሰማች።

«አንዴስ ለምን አልሽ ልጄ?» አሉ፤ ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ። «ቢያመልጥሽስ ኖሮ?»

ከዚያ ስልኩን ሳይዘጉ ጓዳ ላሉት ለእናቷ ጮኹ፤ ሚርዛ ሳሂብ በሕይወታቸው ጮኸው አያውቁም። «ሴትዮ! ለጎረቤት ሁሉ ጣፋጭ ይታደል! ዛሬ ሲሰጡት እምቢ የሚል ሰው ደጄን እንዳይረግጥ!»