ጫማው ውስጥ ያለው ስም

ባሌ ሲያስል ቤቱ ይናወጥ ነበር ብል አጋነንኩ፤ የምናወጠው እኔ ነበርኩ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የጫማ ፋብሪካ ማጣበቂያ ክፍል ውስጥ ማስቲሽ ሲቀባ ኖሮ ሳንባው አለቀ። ከአልጋው ተነሥቶ በሩ ጋ እስኪደርስ ሦስት ጊዜ ያርፋል። በሥራቸው ምክንያት ሳንባቸው የተጎዳ ሰዎችን የሚያስተኛ ሆስፒታል ነበር፤ አልጋው አለ፣ ኦክስጅኑ አለ፣ ሐኪሙ አለ። እኛ ያጣነው አንድ ነገር ነው። እዚያ ፋብሪካ መሥራቱን የሚያሳይ፣ ስሙ ያለበት ማስረጃ።

ፋብሪካው ከተዘጋ ስምንት ዓመት ሆኖታል። መዝገቡ ሕንፃው ሲሸጥ ከነመደርደሪያው ተቃጠለ። የሥራ መታወቂያውን የት እንደጣለው እግዜር ይወቅ፤ ሰውዬው ዕቃ ሲያስቀምጥ የሚደብቀው ከራሱ ነው። "ሰው ይመስክርልን" ብዬ ብለምን፣ "የሐሰት ምስክር ስላስቸገረን የሰው ቃል አንቀበልም" አሉኝ። ከቢሮ ቢሮ እግሬ እስኪነቃ ተመላለስኩ።

መላውን ያመጣልን ጎረቤታችን ቆራጩ ነው። ከባሌ ጋር አንድ ፋብሪካ ውስጥ ቆዳ ሲቆርጥ የኖረ ሰው ነው።

"ጫማውን ረሳችሁት እንዴ?" አለኝ።

ጫማውን እንኳን እኛ መንገደኛውም ያውቀዋል። መናፈሻው ጥግ፣ ከዋናው መንገድ ዳር፣ ቤት የሚያክል ባለማሰሪያ የወንድ ጫማ ሲሚንቶ ላይ ተቀምጧል። ፋብሪካው ሠላሳኛ ዓመቱን ሲያከብር ሠራተኞቹ የሃምሳ ስድስት ከብት ቆዳ ገጣጥመው ሰፉት። የግራ እግር ብቻ ነው። መኪናውን አቁሞ ፎቶ የሚነሣው ሁሉ "የቀኙን ማን ወሰደው?" ይላል፤ ቀልዱን እሱ የፈጠረው ይመስለዋል። የታክሲ ረዳቶችም "ጫማው ጋ ወራጅ አለ?" እያሉ የሰፈሩን ስም ካስረሱን ቆይተዋል።

ከሠሩት አርባ አንድ ሰዎች እያንዳንዱ በጋለ ወስፌ፣ በገዛ እጁ፣ ከማሰሪያው ሥር ባለው የጫማው ምላስ ላይ በውስጥ በኩል ስሙን ጽፏል። ቆራጩ የራሱን ማስረጃ ከሚያጣራው ቢሮ በመጣ ሰው ፊት ፎቶ አስነሥቶ ማስረጃ ሆኖለታል። ይኸው እየታከመ ነው።

እየሮጥኩ ቤት ገባሁ። "ጫማው ውስጥ ስም ጽፋችኋል አይደል?" አልኩት።

"ሁላችንም ጽፈናል" አለ፣ ግድግዳውን እያየ።

"ታዲያ እስከ ዛሬ አፍህን ምን ለጎመው?"

"ምን ያደርጋል።"

ምን ያደርጋል! ይሄ ነው የኔ ባል። ሃያ ሰባት ዓመት አብሬው ስኖር "ደህና አደርሽ" እንኳን ከአፉ በግድ ነው የሚወጣው። አዲስ ቀሚስ ለብሼ ፊቱ ብመላለስ "በሩን ዝጊው፣ ነፋስ ገባ" የሚል ሰው ነው። ተናድጄ ተውኩትና ለቢሮው አመለከትኩ። ቀጠሮ እስኪደርስ ሦስት ሳምንት ነበር። በሦስቱ ሳምንት ፒጃማውን አጠብኩ፣ ነጠላ ጫማውን ቦርሳ ውስጥ ከተትኩ፣ ፎጣውን ተኮስኩ። ፎጣ ተኩሼ አላውቅም። እሱ አልጋው ላይ ሆኖ ዐይን ዐይኔን ያየኛል። "ጉልበቴን አሞኛል፣ ቀኑ ይራዘም" ይላል። በማግስቱ "ዝናብ ሊመጣ ነው" ይላል። ሆስፒታል ፈርቶ ነው ብዬ እኔ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ።

ማክሰኞ ጠዋት ደገፍ አድርጌ ወሰድኩት። የቢሮዋ ሴትዮ ካሜራና ቅጽ ይዛ ቀድማን ደርሳለች። መነጽር ያደረገች፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። የመናፈሻው ዘበኛ ተረከዙ ላይ ያለችውን ትንሽ በር እየከፈተ ባሌን አየውና "አባት፣ ልክዎ ከሆነ ይውሰዱት፤ እኛንም ይገላግሉን" አለው። እኔ ሳቅሁ። ያን ቀን በሁሉም ነገር ስስቅ ነበር።

"እርስዎ እዚሁ አረፍ ይበሉ፣ እኛ ፎቶ አንስተን እንመጣለን" አለችው ሴትዮዋ።

"እኔም እገባለሁ" አለ።

ውስጡ የእርግብ ኩስ ነው። ብርሃን የሚገባው በማሰሪያው ቀዳዳዎች ብቻ ነው። ያ ሁሉ ዓመት አልፎ እንኳን የማስቲሹ ሽታ አለቀቀም፤ ባሌ ሳሉ ተነሣበትና ጥጉ ላይ ቁጭ አለ። ሴትዮዋ ባትሪዋን የጫማው ምላስ ላይ አበራች። ቆዳው ተሰነጣጥቋል፣ ጽሑፉ ግን ደህና ይነበባል። የቆራጮች፣ የሰፊዎች፣ ከዚያ "ማጣበቂያ ክፍል"።

"ስንተኛው ላይ ነው የጻፉት?" አለችው።

"ሠላሳ አራት" አለ፣ ቀስ ብሎ።

የባትሪው ብርሃን ወደ ታች ወረደ። ሠላሳ አራተኛው ላይ የተጻፈው የኔ ስም ነው።

ከነአባቴ ስም። ተንጋዶ፣ መስመሩን ስቶ፣ በዚያ የሕፃን ልጅ በሚመስል እጅ ጽሑፉ። አንድ ጊዜ አነበብኩት፣ ደገምኩት።

"ይህቺ ማን ናት?" አለች ሴትዮዋ።

"እኔ ነኝ" አልኩ።

"እርስዎም ፋብሪካው ውስጥ ሠርተዋል?"

"በሩንም ረግጬው አላውቅ።"

ከዚያ ከመጀመሪያው ጀምራ አርባ አንዱንም ስም በጣቷ እየተከተለች አነበበች። የሱ የለም። "ምናልባት ሌላ ቦታ ጽፈው ይሆን?" አለችው፤ ራሱን ነቀነቀ።

"ባሌ እኮ ነው! የጋብቻ ወረቀት አለን!" አልኩ።

"እናቴ፣ ወረቀቱ መጋባታችሁን እንጂ ይህን የጻፉት እሳቸው መሆናቸውን አይነግረኝም። የእርስዎ ስም የአባትዎን ነው የያዘው፤ የእሳቸው አንዳች ነገር የለበትም። ይዤ ብሄድ አይቀበሉኝም።" ክፉ ሴት ብትሆን ይሻለኝ ነበር። እሰድባት ነበር። እሷ ግን መነጽሯን አውልቃ በመሐረቧ ትጠርግ ጀመር፣ መነጽሯ ምንም ሳይሆን።

ወደ ባሌ ዞርኩ። "ለምን?" አልኩት።

ትንፋሹን እስኪሰበስብ ጠበቅሁት። "መቶ ዓመት ይቆያል አሉን" አለ። "ወስፌውን ሲሰጡኝ… እኔ ቆይቼ ምን ልሠራ ነው አልኩ። አንቺ ትቆዪ ብዬ ነው።"

"እሺ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ለምን አልነገርከኝም?"

"ስትዘፍኚ ሰማሁሽ" አለ። "ፎጣውን ስትተኩሺ።"

ሃያ ሰባት ዓመት አንድ መልካም ቃል ከዚህ ሰው ስጠብቅ ኖሬ፣ እርግብ ኩስ ውስጥ አገኘሁት። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ሌላ ሴት ብትሆን እግሩ ላይ ትወድቅ ነበር። እኔ ግን ደሜ ፈላ። "መቶ ዓመት አቆየኝ ብሎ ማን ለመነህ?" ብዬ ጮኽኩበት። "አሥር ዓመት አብረኸኝ ቆይ፣ አምስት ዓመት ቆይ! አንተን ነው የፈለግሁት እንጂ ምላስ ላይ መጻፍ ማን ፈለገ!" ጫማው ድምፄን ተቀብሎ ያስተጋባል። ውጭ ፎቶ የሚነሡ ሰዎች ጫማው ሲጮህ ሰምተው በሳቅ ፈነዱ።

እሱ መሬት መሬቱን ያያል። "ጥሩ ነገር የሠራሁ መስሎኝ ነው" አለ። አንጀቴን በላው። ቢበላውም ንዴቴ አልወረደም፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ ሰው ምን እንደሚያደርግ አላውቅም። ሴትዮዋ ቅጹን ጉልበቷ ላይ አድርጋ "ስም አልተገኘም" ብላ ጻፈች።

ከዚያች ትንሽ በር ለመውጣት ግማሽ ሰዓት ፈጀብን። ሁለት እርምጃ ሄዶ ያርፋል፣ እኔም አብሬው እቀመጣለሁ። ሲሚንቶው ላይ ስንደርስ እጄን ያዘ፤ በሰው ፊት እጄን ይዞኝ አያውቅም።

"ተቀየምሽኝ?" አለኝ።

"አዎ" አልኩት።

ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ከአሥራ አንድ ቀን ቆየ። በየቀኑ አጠብኩት፣ አጎረስኩት፣ ሌሊት ትራስ ደራርቤ ቀና አድርጌ ደገፍኩት፤ "አዎ" ያልኩትን ቃል ግን አልሻርኩለትም። እሱም ደግሞ አልጠየቀኝም። አሁን ከመናፈሻው ባልፍ ዐይኔን ወደዚያ አላዞርም። ታረቅሁህ ልለው አስቤ፣ ነገ እላለሁ፣ ነገ እላለሁ ስል ሞተ።