ቦንቱ የምትቆምበት ደጅ

ካቺሲ ውስጥ ቦንቱን የማያውቅ ሰው ካለ ትናንት የመጣ እንግዳ ነው። ዳማ ባዝራ ናት፤ ግንባሯ ላይ የጣት ያህል ነጭ ያለባት፣ ስትራመድ ጀርባዋ ላይ የተቀመጠ ሰው ሻይ ቢይዝ የማይፈስበት። ስሟ በኦሮምኛ ኩሩ ማለት ነው፤ ያወጣላትም ሰው አልተሳሳተም። ጃንጥላ አትወድም። ኮርቻ ሲጫንባት ሆዷን በአየር ትነፋና ጠፍሩ ከታሰረ በኋላ ቀስ ብላ ትተነፍሳለች። ይህን ያላወቀባት ሰው ሁለት እርምጃ ሳይሄድ ከነኮርቻው ጎኗ ላይ ይንጠለጠላል።

ወንጌላዊ ሲሞን በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ጊዜ ተንጠልጥሏል። ባዝራዋን ለቤተ ክርስቲያኑ በስጦታ የሰጡት ኦቦ ሙለታ ናቸው፤ እርጅና ሲጫናቸው አምቦ ልጃቸው ዘንድ ሊኖሩ ሄዱ። ስጦታውን ተቀብለው የምስጋናውን ጸሎት ያደረሱት ደግሞ የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ኦቦ ጉታ ነበሩ። ሸለቆ ለሸለቆ እየዞረ ለሚያገለግል ሰው ከዚህ የተሻለ ምን ይሰጣል? ማንም ሳይጠይቅ ያለፈው ነገር ቢኖር ኦቦ ሙለታ ባዝራዋን ይዘው የት የት ይውሉ እንደነበር ነው።

መልሱን ሲሞን ያገኘው በገበያ ቀን፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት፣ መጽሐፍ ቅዱሱን በብብቱ ይዞ ነው። ቦንቱ አረቄ ከምትሸጠው ከባየሽ ደጃፍ ስትደርስ ቆመች። ጎኗን በተረከዙ ጎሸም አደረጋት፣ ወይ ፍንክች። ልጓሙን ሳበ፣ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ባየሽ ወጥታ እፍኝ ብቅል እስክታቀምሳት ድረስ እዚያው ተገተረች። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ መንገዷን ቀጠለች፤ እስከሚቀጥለው አረቄ ቤት። እንዲህ ያሉ ደጆች እስከ ወንዙ መውረጃ ሰባት ነበሩ። ሲሞን ማታ ቤቱ ሲደርስ ወሬው ቀድሞት ገብቷል።

አንድ ወር ሙሉ ተዋጋት። በአለንጋ ሞከረ፣ በጓሮ መንገድ ዞረ፣ ተቆጣት። እሷም አኮረፈችው። በመጨረሻ ተሸነፈ፤ እውነቱን ለመናገር መሸነፉን ወደደው። ብቅሉ እስኪመጣ ኮርቻ ላይ ተጎልቶ ከሚሳቀቅ ወርዶ ሰላም ማለት ጀመረ። ሰላምታው ወንበር አስመጣ፣ ወንበሩ ወግ አመጣ። የሴቶቹን ስም፣ የልጆቻቸውን ሕመም፣ የማንኛዋ ጣራ እንደሚያፈስ ሁሉ አወቀ። አረቄ አልቀመሰም፣ እነሱም አላቀረቡለትም፤ ውሃ ይሰጡታል።

ቦንቱም አለንጋው ቤት ከቀረ ወዲህ ድምፁን ከሩቅ ስትሰማ ታሽካካለች። ሆዷን መንፋቱን ለሱ ብቻ ተወችለት። ገደሉ ላይ ጭጋግ ሲወርድ ልጓሙን አንገቷ ላይ ይለቅላትና እሷ ትመራዋለች፤ አንድም ቀን እግሯን አሳስታ አታውቅም። ይወዳታል። ለጠየቀው ሁሉ ሳያፍር ይናገራል።

ኦቦ ጉታ ግን አልጠየቁትም። ሐምሌ ላይ ሽማግሌዎቹን ሰብስበው ውሳኔውን ነገሩት፦ የወንጌል አገልጋይ ፈረስ በየአረቄ ቤቱ ደጅ ቆማ መታየቷ ምእመኑን እያሰናከለ ነው፤ ወይ ባዝራዋን ይሸጣል፣ ወይ አገልግሎቱን ያስረክባል። ሲሞን ስምንት ዓመት ያገለገለበት ቦታ ነው። አልደነገጠም ማለት ውሸት ይሆናል፤ ግን አልተለማመጠም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ። ውሳኔው ከመጽናቱ በፊት ኦቦ ጉታ ራሳቸው አንድ ቀን ይውጡባት፣ እሱ በእግሩ ይከተላል።

ኦቦ ጉታ በጎልማሳነታቸው የታወቁ ፈረሰኛ ነበሩ። ባዝራ እንዴት እንደምትገራ አሳይሃለሁ ብለውት በማግስቱ ጠዋት ወጡባት። ቦንቱም ባየሽ ደጅ ስትደርስ ቆመች። ጎሸም አደረጓት፣ ልጓሙን ሳቡ፣ በኦሮምኛም በአማርኛም ገሠጿት፤ ጆሮዋን እንኳ አላነቃነቀችም። ላባቸው ጠብ እስኪል ታገሏት። መንገደኛው ቆሞ ያያል። ሲሞን እንዳይስቅ መሬት መሬቱን ያያል።

ባየሽ ብቅሏን ይዛ ወጣች። ባዝራዋን አቀመሰቻት፤ ለሲሞን የልጇ ትኩሳት እንደለቀቀው ነገረችው። ከዚያ ቀና ብላ ኮርቻው ላይ ያሉትን ሰው አየች። የሷን ግቢና የኦቦ ጉታን ግቢ የሚለየው አንድ አጥር ነው።

«ኦቦ ጉታ» አለቻቸው በእርጋታ፣ «አሥራ ሁለት ዓመት ጎረቤት ነን። ባሌን ስቀብር እንኳ ደጄን አልረገጡም። ዛሬ ፈረሷ ካመጣችዎ፣ ይግቡ።»

ኦቦ ጉታ ቁጣ አልመጣላቸውም፤ የመጣው ሀፍረት ነው፣ ፊታቸው ላይ በግልጽ ታየ። ቀስ ብለው ወረዱ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ጎንበስ ብለው ገቡ።

ሲሞን አልተከተላቸውም። የቦንቱን አንገት እያሻሸ ውጭ ጠበቀ፤ ከግማሽ ሰዓት በላይ ቆየ። ኦቦ ጉታ ሲወጡ ዓይናቸው ቀልቷል። ከእጁ ልጓሙን ተቀብለው እርካቡን ረገጡ፣ ኮርቻው ላይ ወጥተው ተስተካከሉ። ሲሞን ስለ መሸጡ የሚሉትን ሲጠብቅ፣ እሳቸው ወደ መንገዱ እያዩ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቁት።

«ቀጥሎስ የት ነው የምትቆመው?»